አልፍሬድ ናካሽ፦ ከኮንስታንቲን ገደል እስከ አውሽቪትዝ

እ.ኤ.አ. በ1944 የዓለም የዋና መዝገብ ቢገለጥ፣ በ200 ሜትር የደረት ቀዘፋ ረድፍ ላይ አልፍሬድ ናካሽ የሚል ስም ይገኝ ነበር። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ36.8 ሰከንድ ነው። የስሙ ባለቤት ግን በዚያ ዓመት በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ክንዱ ላይ 172763 የሚል ቁጥር ተነቅሶበት፣ ጀርመኖች ፖላንድ ውስጥ ባቋቋሙት የአውሽቪትዝ ማጎሪያ ካምፕ ታስሮ ነበር። በፈረንሳይ የሚያውቁት ሰዎች ሞቷል ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ናካሽ የተወለደው ኖቬምበር 18 ቀን 1915 በአልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን በምትባል ከተማ ነው። አልጄሪያ ያኔ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ኮንስታንቲን በትልቅ አለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሩሜል የተባለው ወንዝ አለቱን ሰንጥቆ በጥልቅ ገደል ያልፋል፤ የከተማዋን ሰፈሮች የሚያገናኙት ከገደሉ በላይ የተዘረጉ ድልድዮች ናቸው። ሲዲ ምሲድ የሚባለው መዋኛ ከገደሉ ሥር ይገኛል። ከጥንት ጀምሮ ብዙ አይሁዳውያን የኖሩባት ከተማ ስትሆን፣ የናካሽ ቤተሰብም ልጅ የበዛበት፣ ሃይማኖቱን የሚያከብር ቤት ነበር።

የሚገርመው ነገር አልፍሬድ በልጅነቱ ውሃ ይፈራ ነበር። እኩዮቹ እየዘለሉ ሲገቡ እሱ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ልጅ ያስተማረ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ የሚፈራ ልጅ አንዴ ፍርሃቱን ከጣለ፣ ከማይፈራው ይልቅ አጥብቆ የሚይዝበት ጊዜ አለ። አልፍሬድም እንደዚያ ሆነ። ቀስ በቀስ ውሃውን ለመደው፣ ከዚያ ወደደው፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን አፍሪካ ውድድሮች ስሙ የሚጠራ ዋናተኛ ወጣው።

እዚህ ላይ ስለ ዜግነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ኋላ የሚመጣው ያለዚያ አይገባም። ፈረንሳይ በ1870 ክሬምዩ በተባለ የአይሁድ ሚኒስትር ስም በሚጠራ አዋጅ ለአልጄሪያ አይሁዳውያን ሙሉ የፈረንሳይ ዜግነት ሰጠች። ስለዚህ አልፍሬድ ሲወለድ ፈረንሳዊ ሆኖ ነው የተወለደው፤ አባቱም እንደዚሁ። ሕዝበ እስላሙ ግን በአዋጁ አልተካተተም። ይህ ልዩነት በከተማው ውስጥ ቂም ሲያበቅል ኖረ፤ አይሁዳውያንን የሚጠሉ ፈረንሳውያን ሰፋሪዎችም በበኩላቸው ነገሩን ያቀጣጥሉት ነበር። በኦገስት 1934 በኮንስታንቲን በተነሳ ረብሻ 25 አይሁዳውያን ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ናካሽ ያኔ ገና 19 ዓመት አልሞላውም። ቀደም ብሎ በ1933 ለትምህርትና ለዋና ወደ ፓሪስ ተሻግሮ፣ ሬሲንግ ክለብ በሚባለው ታላቅ የስፖርት ማኅበር ገብቶ ነበር። የፓሪስ አሠልጣኞች አዋኘኑ ውበት የለውም ይሉት እንደነበር ይነገራል። ደረቱ ሰፊ፣ ትከሻው ወፍራም፣ ውሃውን በጉልበት የሚያርስ ዓይነት ሰው ነበር። ውበት ይጉደለው እንጂ ፍጥነት አልጎደለውም። በ1935 በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ይህን ማዕረግ ደጋግሞ ወስዷል።

በዚያው በ1935 ስሙ ከኛ አገር ጋር ይገናኛል። በኤፕሪል ወር ሁለተኛው የማካቢያ ጨዋታ በቴል አቪቭ ተዘጋጀ። አገሪቱን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ነበሩ፤ ስደተኛ ይበዛብናል ብለው ስለ ሰጉ ጨዋታው እንዲደረግ አልፈለጉም። ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ብዙ ስፖርተኞች ውድድሩ ሲያበቃ ወደ መጡበት አልተመለሱም፤ በዚህም ጨዋታው የዓሊያ ኦሊምፒክ ተብሎ ይጠራል። ናካሽ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የብር ሜዳሊያ አገኘና ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ያኔ እዚሁ ቢቀር ኖሮ ብሎ ማሰብ አይቀርም። ነገር ግን ለ19 ዓመት ወጣት፣ አገሩ ፈረንሳይ በእጁ ላይ ያለች የምትመስልበት ጊዜ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የበርሊን ኦሊምፒክ መጣ። 1936 ለኢትዮጵያ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ ለጀርመን ደግሞ ሂትለር ዓለምን ጋብዞ ኃይሉን ያሳየበት። ብዙ አይሁዳውያን ስፖርተኞች አንሄድም ብለው ቀርተዋል። ናካሽ ሄደ። የተሰለፈው በ4 ጊዜ 200 ሜትር የነጻ ቀዘፋ ቅብብል ነበር።

ይህን ውድድር ላላዩ ሰዎች አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ዋናተኞች ለአንድ አገር ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ 200 ሜትር ይዋኛል። እንደ ሩጫው የሚቀባበሉት ዱላ የለም። ተረኛው ከመነሻው ጉብታ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል፤ ጓደኛው በውሃው ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን በእጁ ሲነካ ይወረወራል። ከመንካቱ በፊት እግሩ ጉብታውን ከለቀቀ አራቱም ይሰረዛሉ። አንዱ ቢደክም ሦስቱ አብረውት ይወድቃሉ፤ አንዱ ቢበረታ ሦስቱን ይዞ ይወጣል። ዋና ብቻቸውን የሚደክሙበት ስፖርት ነው የሚሉ ሰዎች ቅብብሉን አላዩም ማለት ነው።

ከናካሽ ጋር የተሰለፉት ዣን ታሪስ፣ ክርስቲያን ታሊና ረኔ ካቫሌሮ ነበሩ። ታሪስ ከአራት ዓመት በፊት በሎስ አንጀለስ በ400 ሜትር ብር ያገኘ፣ የፈረንሳይ የዋና ኩራት ነበር። ፍጻሜው ላይ ጃፓኖች በ8 ደቂቃ ከ51.5 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብረው ወርቁን ወሰዱ። አሜሪካ ሁለተኛ፣ ሃንጋሪ ሦስተኛ ሆኑ። ፈረንሳይ አራተኛ ወጣች፤ ሜዳሊያ የለም። አምስተኛ የወጣው ግን የአስተናጋጇ የጀርመን ቡድን ነበር፤ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ አይሞላም። የናዚ ባንዲራ በተውለበለበበት መዋኛ፣ አንድ የኮንስታንቲን አይሁዳዊ ያለበት ቡድን ጀርመኖችን በእጅ ጣት ቀደማቸው። አራተኛ ደረጃ ለጋዜጣ አርዕስት አይሆንም፤ ለናካሽ ግን የሕይወቱ ትልቅ ቀን ሆኖ ቢቆጠር አያስገርምም።

በ1937 ፖል ኤልባዝ የተባለች የአገሩን ልጅ አገባ። እሷም የስፖርት ሰው ነበረች። እሱ በአካል ማጠንከሪያ ትምህርት መምህርነት ተመርቆ ማስተማር ጀመረ። ዋናውንም አልተወም፤ እንዲያውም አዲስ ነገር ያዘ። በዚያ ዘመን የደረት ቀዘፋ ሕግ እጅ ከውሃ በላይ ተወርውሮ እንዲመለስ ይፈቅድ ነበር፤ እግር ግን እንደ እንቁራሪት መራገጥ አለበት። ይህ አዋኘን ኋላ ራሱን ችሎ የቢራቢሮ ቀዘፋ ተብሏል። ብዙ ትከሻና ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ለብዙ ሰው ከ100 ሜትር በላይ መከራ ነው። ለናካሽ ትከሻ ግን ልክ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

በዚህ ቀዘፋ ላይ በፈረንሳይ አንድ ቀደምት ጌታ ነበረ፤ ዣክ ካርቶኔ ይባላል። የዓለም ክብረ ወሰን የነበረው፣ መልከ መልካም፣ ጋዜጦች የሚወዱት ዋናተኛ ነው። ከናካሽ ጋር በውሃው ላይ ተፎካካሪ ነበሩ፤ እያደር ግን ፉክክሩ ከውሃው ወጣ። ካርቶኔ ወደ ቀኝ አክራሪዎች አዘነበለ፤ ኋላም ከጀርመኖች ጋር ሆኖ የገዛ ወገኑን የሚያሳድደው ሚሊስ የተባለ ታጣቂ ቡድን አባል ሆነ።

በጁን 1940 ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተሸነፈች። ሰሜኑን ጀርመኖች ያዙ፤ በደቡብ ቪሺ በተባለች ከተማ የተቀመጠ፣ ለጀርመን ያደረ መንግሥት ቆመ። በኦክቶበር 1940 ይህ መንግሥት የክሬምዩን አዋጅ ሻረ። ከ70 ዓመት በኋላ የአልጄሪያ አይሁዳውያን በአንድ ቀን የፈረንሳይ ዜግነታቸውን አጡ። ለፈረንሳይ በበርሊን የዋኘው ሰው ፈረንሳዊ አይደለህም ተባለ። በዚያው ወር የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራና ከመምህርነት አባረረ። ዜግነቱ በወረቀት ያለ ነገር ነው፤ የክፍሉ በር ሲዘጋበት ግን የዕለት እንጀራውም ሄደ።

ናካሽና ሚስቱ ጀርመኖች ገና ወዳልደረሱበት ደቡብ፣ ወደ ቱሉዝ ሸሹ። እዚያ ቶኤክ የሚባል ክለብ ነበር፤ ዋናተኞቹ ዶልፊኖቹ ይባላሉ። አሠልጣኙ አልባን ሚንቪል ናካሽን በደስታ ተቀበለው። የቱሉዝ ሕዝብም ወደደው። ጁላይ 6 ቀን 1941 በማርሴይ 200 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ36.8 ሰከንድ ዋኝቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በቀጣዩ ወር ሴት ልጁ ተወለደች፤ አኒ አሏት።

የዚያ ዓመት ነገር ግራ የሚያጋባ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ ዜግነቱን ነጥቆ በሌላው እጁ ሜዳሊያ ያጠልቅለት ነበር። የቪሺ የስፖርት ኃላፊ የነበረው የታወቀው የቴኒስ ተጫዋች ዣን ቦሮትራ በ1941 ሰሜን አፍሪካን ሲጎበኝ ይዞ ከዞራቸው ስፖርተኞች አንዱ ናካሽ ነበር። የተወለደበት አገር ሰው እያጨበጨበ ተቀበለው፤ ዘመዶቹ ግን በአዲሱ ሕግ ከሥራና ከትምህርት ቤት እየተባረሩ ነበር። ናካሽ ለምን ሄደ ብሎ የሚፈርድበት ይኖራል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሥራ የለውም፣ ያለው ከለላ ስሙ ብቻ ነው። ፍርዱን ለሌላ መተው ይሻላል።

በቱሉዝ በነበረበት ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በከተማዋ የአይሁድ ጦር የተባለ የምሥጢር የአርበኞች ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ ናካሽ ይሠራበት በነበረው ጂምናዚየም የቡድኑ ወጣቶች አካላቸውን ያጠነክሩ እንደነበር ይነገራል።

በኖቬምበር 1942 ጀርመኖች ደቡቡንም ያዙ። ቦሮትራ ቀደም ብሎ ከሥልጣኑ ተነስቶ ነበር፤ ኋላም ራሱ በጌስታፖ ተይዞ ወደ ጀርመን ተወሰደ። ለጀርመን ያደሩ የፓሪስ ጋዜጦች አንድ አይሁዳዊ እንዴት የፈረንሳይ ሻምፒዮን ይሆናል እያሉ ናካሽን በስሙ ያወግዙት ጀመር። በኦገስት 1943 የፈረንሳይ የዋና ሻምፒዮና የሚደረገው እዚያው ቱሉዝ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ በከተማው መዋኛ እንዳይወዳደር ተከለከለ።

የዶልፊኖቹ ዋናተኞች እንግዲያው እኛም አንዋኝም አሉ። በገዛ ከተማቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት፣ ዓመት ሙሉ የለፉበትን ሻምፒዮና ትተው ወጡ። ከሌሎች ክለቦችም የተከተሏቸው ነበሩ። ክለቡ ተቀጣ። ጊዜው ጌስታፖ ከተማው ውስጥ የሚዘዋወርበት ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ገና ወጣቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ አንዱ ሲሰረዝ አራቱም ይሰረዛሉ የሚለውን የቅብብል ሕግ ያኔ ከመዋኛው ውጭ የፈጸሙት እነሱ ናቸው። የፈረንሳይ ስፖርት በጦርነቱ ዘመን ካደረገው ሁሉ ይህ ከፍ ብሎ መነገር ሲገባው ለረጅም ጊዜ የሚያነሳው ሰው አልነበረም።

ናካሽ ከቤተሰቡ ጋር በፒሬኔ ተራሮች በኩል ወደ ስፔን ለማምለጥ ሞክሮ ሕፃኗ ስታለቅስ መንገድ መሪው እንዳስመለሳቸው ይነገራል። በ1943 መጨረሻ ጌስታፖ ያዛቸው። ማን እንደ ጠቆመ እስከ ዛሬ በማስረጃ አልታወቀም። ብዙ ሰው ካርቶኔን ጠርጥሯል፤ የሚሊስ አባል መሆኑና የቆየው ቅናት ለጥርጣሬው በቂ ምክንያት ነበሩ፤ ማረጋገጫ ግን አልተገኘም። ካርቶኔ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ሸሽቶ ኖሮ እዚያው ሞቷል።

ሦስቱን ከቱሉዝ ወደ ፓሪስ አቅራቢያ ወደ ድራንሲ ካምፕ ወሰዷቸው። ጃኑዋሪ 20 ቀን 1944 ቁጥር 66 የተባለው ባቡር ከ1,100 በላይ አይሁዳውያንን ይዞ ከድራንሲ ተነሳ። ናካሽ፣ ፖልና አኒ በዚያ ውስጥ ነበሩ። አውሽቪትዝ ሲደርሱ ወንዶቹን ከሴቶችና ከሕፃናት ለዩ። ፖልና የሁለት ዓመቷ አኒ ወዲያውኑ በጋዝ ተገደሉ። እሱ ይህን አላወቀም። በሌላ በኩል ለሥራ ተወስደዋል ብሎ ተስፋ እያደረገ ኖረ።

እሱን ሞኖቪትዝ ወደሚባለው የአውሽቪትዝ ክፍል ወሰዱት። ለጀርመን ፋብሪካ የሚሠሩ እስረኞች የሚታጎሩበት ነው። ናካሽ በእስረኞች ሕክምና ክፍል ተመደበ፤ ይህም ከብርዱና ከከባዱ የጉልበት ሥራ በጥቂቱ አዳነው። ማንነቱ ግን አልተሰወረም። የበርሊኑ ዋናተኛ መሆኑን ያወቁ ጠባቂዎች መጫወቻ አደረጉት። በካምፑ ውስጥ ለእሳት አደጋ ተብሎ የተጠራቀመ ውሃ ያለባቸው ጉድጓዶች ነበሩ፤ ውሃው ቆሻሻና በረዶ የቀዘቀዘ ነው። ጩቤ ወይም ሌላ ዕቃ ወደ ውስጥ ይወረውሩና ጠልቆ በጥርሱ ነክሶ እንዲያወጣ ያዝዙታል። ዳር ቆመው ይስቁበታል። እንደ ውሻ መሆኑ ነው።

በ1944 በጋ ላይ ግን ሌላ ነገር ተከሰተ። ኖአሕ ክሊገር የሚባል የ18 ዓመት ገደማ ወጣት በካምፑ ነበር፤ የስትራስቡርግ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ከሞት ያመለጠው ቦክስ ሳያውቅ ቦክሰኛ ነኝ ብሎ ነው፤ የካምፑ አዛዥ ቦክስ ስለሚወድ ለቦክሰኞች ትንሽ ትርፍ ሾርባ ያሰጣቸው ነበር። ናካሽና ክሊገር ጥቂት ወዳጆቻቸው ዘብ ሆነው እየጠበቁላቸው፣ እዚያው የእሳት አደጋ ጉድጓድ ውስጥ በድብቅ ገብተው መዋኘት ጀመሩ። ቢያዙ ቅጣቱ ሞት ነው። ምንም የሚያስገኝላቸው ነገር አልነበረም፤ ምግብ አይሆን፣ ማምለጫ አይሆን። በትእዛዝ ሲዋረድበት በነበረው በዚያው ውሃ ውስጥ ናካሽ በገዛ ፈቃዱ ገብቶ ዋኘ። በተከታታይ ቀናት ደጋግመው አደረጉት። ክሊገር ከጦርነቱ በኋላ በኤክሶዶስ መርከብ ተሳፍሮ፣ ቆይቶም እስራኤል ገብቶ፣ በየዲዖት አሕሮኖት ጋዜጣ የታወቀ የስፖርት ጸሐፊ ሆነ፤ የማካቢ ቴል አቪቭ የቅርጫት ኳስ ቡድንም ሊቀ መንበር ነበር። በ2018 እስኪያርፍ ድረስ የዚያን ውሃ ነገር ሲናገር ኖሯል፤ ታሪኩ ወደ እኛ የደረሰው አንድም በእሱ ነው።

በጃኑዋሪ 1945 የሶቭየት ጦር ሲቃረብ ጀርመኖች እስረኞቹን በበረዶ ላይ በእግር ነዷቸው። የሞት ጉዞ የሚባለው ይህ ነው። የደከመ ይተኮስበታል። ከዚያ በተከፈተ የዕቃ ባቡር ጭነው ወደ ቡኸንቫልድ ካምፕ ወሰዷቸው። ኤፕሪል 11 ቀን 1945 አሜሪካኖች ቡኸንቫልድ ሲደርሱ ናካሽ በሕይወት ነበር። የዚያ የሰፊ ደረት ሰው አጥንቱ ቀርቶ ነበር።

ወደ ቱሉዝ ሲመለስ ሁለት ነገር ጠበቀው። አንደኛው፣ ከተማዋ ሞቷል ብላ ስላመነች አንድ የሕዝብ መዋኛ በስሙ ሰይማ ነበር። በሕይወቱ እያለ ስሙ በር ላይ ተጽፎ ያየ ሰው ነው። ሁለተኛው የፖልና የአኒ ጉዳይ ነው። ከካምፕ የሚመለሱ ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ሲጠብቅ ቆየ። መልሱ ቀስ ብሎ መጣ።

ሚንቪልና የክለቡ ጓደኞቹ ሳይጎተጉቱ ወደ ውሃው መለሱት። መጀመሪያ ጥቂት ሜትር፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሮ። ከካምፕ ከወጣ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ቢሆነውም በ1946 በ200 ሜትር የደረት ቀዘፋ እንደገና የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። በኦገስት 1946 ደግሞ በ3 ጊዜ 100 ሜትር የድብልቅ ቅብብል የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ ጀርባውን ዦርዥ ቫለሪ፣ ደረቱን ናካሽ፣ ነጻ ቀዘፋውን አሌክስ ዣኒ ዋኙ። ዣኒ የቱሉዝ ልጅ፣ ያኔ 17 ዓመቱ፣ በሚንቪል እጅ ያደገ፣ ናካሽ እንደ ታናሽ ወንድም የሚያየው ዋናተኛ ነው። የናካሽ የራሱ የ200 ሜትር ክብረ ወሰንም በዚያው ዓመት በአሜሪካዊው ጆ ቨርዱር ተሰበረ። ባለቤቱ ታስሮ በነበረበት ዘመን ሁሉ ግን ማንም ሳይነካው ቆይቶ ነበር።

በ1948 ኦሊምፒክ በለንደን ሲደረግ ናካሽ 32 ዓመቱ ነበር። በ200 ሜትር የደረት ቀዘፋ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ጀርመንና ጃፓን በዚያ ኦሊምፒክ አልተጋበዙም። ከናዚ የሞት ካምፕ ወጥተው በኦሊምፒክ የተወዳደሩ አይሁዳውያን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በኋላ የተጨመረው የእንግሊዙ ክብደት አንሺ ቤን ሄልፍጎት ይጠቀሳል። በ4 ጊዜ 200 ሜትር የነጻ ቀዘፋ ቅብብል፣ ናካሽ በበርሊን ከሜዳሊያ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በቀረበት በዚያው ውድድር፣ ፈረንሳይ ነሐስ አገኘች። ናካሽ በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበረም፤ ዣኒ ግን ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የናካሽ ሕይወት ጸጥ ያለ ነው። ወደ መምህርነቱ ተመለሰ፤ ለጥቂት ጊዜ በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በረዩንየን ደሴት አስተማረ። በሜዲትራኒያን ዳር ካለችው ከሴት ከተማ የሆነች ማሪ የተባለች ሴት አገባ። ስለ ካምፑ ብዙ አይናገርም ነበር ይባላል።

በ1993 ስሙ በዓለም አቀፉ የአይሁድ ስፖርት የክብር አዳራሽ ገባ። አዳራሹ ያለው እዚሁ ናታንያ አጠገብ በዊንጌት ተቋም ነው፤ ተቋሙ የተሰየመበት ኦርድ ዊንጌት ደግሞ በ1941 ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው፣ ለአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ያለው ዓለም አቀፉ የዋና የክብር አዳራሽ ስሙን መዘገበ። ሁለቱንም እሱ አላያቸውም።

ከጡረታ በኋላ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ላይ በምትገኘው ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ በሰርቤር በየዕለቱ ወደቡን እየተሻገረ ይዋኝ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኦገስት 4 ቀን 1983 እንደ ወትሮው ገባ። መሐል ላይ ሲደርስ ልቡ ቆመ። ዕድሜው 67 ነበር።